«ፀሐይ ሲነካው አይቀልጥም?»

ጥያቄ፦ «እንደምን ከረሙ እትዬ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። በንብ ሰም መሣል ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰፈፍ ከጠጅ ቤት እገዛና አጣርቼ ሰሙን አወጣለሁ። ከቀለም ጋር አቅልጬ ኮምፔንሳቶ ላይ በብሩሽ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ በካውያ እያሞቅሁ አጣብቀዋለሁ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ከፍቻለሁ። ላይክ አለ፣ ‹ዋው፣ እጅሽ ይባረክ› አለ፣ ገዢ የለም። በስድስት ወር የሸጥኩት አንድ ሥዕል ነው፤ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው፣ በ1,500 ብር። ሦስት ቀን ሠርቼበታለሁ። ዕቃው 1,100 ብር ፈጀ፤ መላኪያውን 250 ብር እኔው ቻልኩት። ሲደርስ ግን የጠቀለልኩበት ላስቲክ አረፋው በሙሉ ሥዕሉ ላይ ታትሞ ተገኘ። ሰውዬው አልተቆጣም፣ ዝም አለ። ጎረቤታችን ‹ይኼን ሁሉ ሰም ጧፍ ብታደርጊው ይሻልሽ ነበር› ትለኛለች። አሁን ያሰብኩት ዲሲ ባለው የአክስቴ ልጅ ስም የውጭ ድረ ገጽ ላይ ሱቅ መክፈት ነው። ደግሞ ሰሙን ያጠነክራል የሚባለውን ዳማር አላገኘሁም፤ ዕጣን ብቀላቅልበት ይሆናል? ምን ይመክሩኛል?» የሰሟ ልጅ፣ ከደሴ

የሰሟ ልጅ፣ አብሽሪ።

ጎረቤትሽን አትቀየሚያት። ሳታውቀው ትልቁን ነገር ነግራሻለች። ለእሷ ሰም ማለት ጧፍ ነው። ጧፍ ደግሞ ይነዳል፣ ይንጠባጠባል፣ ያልቃል። ቻናልሽን የሚያየው ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። «ዋው» ብሎ ይጽፍልሽና በልቡ «ፀሐይ ሲነካው አይቀልጥም?» ይላል። አይጠይቅሽም፤ ጥያቄው የሞኝ ይመስለዋል። ልብ የምትመስል ምልክት ትቶልሽ ያልፋል።

የላክሽልኝን ቻናል ከላይ እስከ ታች አየሁት። 60 ያህል ፎቶ አለ። ስለ መቅለጥ አንድ ቃል የለም። እኔ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ፍሬም ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥዕል የሚገዛ ሰው ምን እንደሚፈራ አውቃለሁ። የዘይት ቀለም ሲገዛ «ይለቅ ይሆን?» ይላል። የፎቶ ኅትመት ሲገዛ «ይደበዝዝ ይሆን?» ይላል። የአንቺን ሲያይ ፍርሃቱ እጥፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቶ አያውቅማ።

ስለዚህ መልሱን አንቺው ቀድመሽ ንገሪው። እውነቱን። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ የትኛውም ሳሎን እዚያ አይደርስም። ባቲም ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ፣ ጥላ ሥር አይደርስም። ግን ከመቅለጡ በፊት መለስለስ የሚባል ነገር አለ። አርባ ምናምን ዲግሪ ላይ ሰሙ ጥፍር ይቀበላል፣ አቧራ ይይዛል። መስኮቱን የዘጋ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ ዳሽቦርዱን ሲመታው፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ሥዕልሽን ያስቀመጠ ሰው ሲመለስ ሾርባ ያገኛል። ይህንንም ጻፊው። «ግድግዳ ላይ አይቀልጥም፤ ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አትስቀሉት፤ መኪና ውስጥ አትተዉት።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጊው።

ከዚያ ደግሞ አሳዪ። ከኮምፔንሳቶው ቁራጭ ሁለት መዳፍ የሚያክሉ ሥዕሎች ሥሪ። አንዱን ቤትሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ሌላውን የሰው መኪና ለምነሽ ኮምቦልቻ ላይ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጪው። በስልክሽ ቅረጪ። የቀለጠውን አትደብቂ፤ ሲንሸራተት፣ ቀለሙ ሲደባለቅ ይታይ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ግድግዳው መልሺ። ይህን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያየ ሰው ፍርሃቱ ልክ ያገኛል፤ የት መፍራት እንዳለበትና የት እንደሌለበት ያውቃል። ከ60ው ፎቶ ይህ አንዱ ይበልጣል።

አሁን አንድ ቅር ያለኝን ነገር ልንገርሽ። ብዙ ፎቶ ሥር «ጥንታዊ የአባቶቻችን የሰም ሥዕል ጥበብ» ብለሽ ጽፈሻል። ይኼ እውነት አይደለም፣ የኔ ልጅ። ይህ በሰም የመሣል ጥበብ ኢንካውስቲክ ይባላል፤ ቃሉ የግሪክ ነው፤ በእሳት አቃጥሎ ማስገባት እንደ ማለት ነው። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በብራና፣ በእንጨት ወይም ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ ላይ የሚሠራ፣ የራሱ አሠራር ያለው ጥበብ ነው። የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ኮሜንት ላይ ይይዝሻል። ደግሞ «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ሌላ ጣጣ አለው፤ እደርስበታለሁ።

እውነተኛው ታሪክ እኮ ከፈጠራው ይበልጣል! ግብፅ ፋዩም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው መቶ ዘመን ድረስ የሟቾችን መልክ እንጨት ላይ በሰም ይሥሉ ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬም አሉ። ዓይናቸው ሰው ያያል። በሲና ተራራ ሥር ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳምም በስድስተኛው መቶ ዘመን በሰም የተሣለ የክርስቶስ ሥዕል አለ። (የግብፁን ሲና ማለቴ ነው፤ ቆሎ የምንገዛበትን የመንገዳችንን ደብረ ሲና አይደለም።) በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ጃስፐር ጆንስ በ1954 እና 55 የሠራው ታዋቂ የባንዲራ ሥዕል ሰም ነው። «ይቀልጣል እንዴ?» ለሚልሽ ሰው ከግብፅ ሙቀት የተረፈ የ1,800 ዓመት ሥዕል ከማሳየት የተሻለ ምን መልስ አለ? እርግጥ እነዚያ መቃብር ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቀው ነው የቆዩት። ይህም ከምክርሽ ጋር ይሄዳል።

የአገርሽን ነገር ማምጣት ከፈለግሽ ደግሞ ሰሙ አለልሽ። ሥዕሉ የግሪክ ይሁን፣ ሰሙ የወሎ ነው። ሰፈፉ ከየትኛው ጠጅ ቤት እንደመጣ፣ ማሩ የላስታ ይሁን የአምባሰል ጠይቂና ጻፊ። ላሊበላ ማለት «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ማለት ነው ይባል የለ? ሲወለድ ንቦች ከበውት እናቱ ንግሥናውን አወቀች የሚለውን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ንብ ስም ባወጣችበት አገር ከንብ ሰም ሥዕል እየሠራሽ ፎቶ ሥር የምትጽፊው አጣሽ? ብቻ አደራ፣ «ሰምና ወርቅ» ብለሽ ርዕስ አትስጪ። ሰምቼው ሰምቼው ታክቶኛል።

ስታጣሪም ቅረጪ። ሰፈፉ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ሲሞቅ፣ በነጠላ ጨርቅ ሲጠለል፣ ጥቁሩ ጉድፍ ጨርቁ ላይ ሲቀር፣ ሲበርድ ሰሙ ውሃው አናት ላይ እንደ እንጎቻ ቢጫ ሆኖ ሲረጋ። ይህን እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ጉዳዩ ማማር ብቻ አይደለም። ገበያው ላይ ፓራፊን የተቀላቀለበት ሰም ሞልቷል፤ ገዢሽ ሰሙ ንጹሕ መሆኑን በዓይኑ ያያል። በነገራችን ላይ ንጹሕ የንብ ሰም ሲቀዘቅዝ ብትሰብሪው ስብራቱ ሻካራና ደብዛዛ ነው፤ የማር ሽታም አለው።

ዕጣኑን ተዪው። ነገሩን በደንብ አስበሽዋል፤ ዳማርም የዛፍ ሙጫ ነው፣ ዕጣንም የዛፍ ሙጫ ነው። ልዩነቱ ዕጣን ውስጥ ውሃ የሚያሟሟው ሌላ ሙጫ አብሮ አለ። እሱ ሰም ውስጥ አይቀልጥም። ድስቱ ሥር ይቀመጥና ያርራል፤ ሥዕልሽም እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ቤቱ ግን ይሸታል፣ እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ዳማር የሚገባው ስምንት እጅ ሰም ለአንድ እጅ ያህል ነው። ግማሽ ኪሎ ዳማር አራት ኪሎ ሰም ያነሳል ማለት ነው። የአክስትሽን ልጅ ሱቅ ክፈትልኝ ከምትዪው ግማሽ ኪሎ ዳማር ከሚመጣ ሰው ጋር ላክልኝ በዪው። እስኪመጣ ያለ ዳማር መሥራት ትችያለሽ፤ ያለ ዳማር መሆኑን ግን ጻፊ። ትንሽ ይለሰልሳልና።

ስታሞቂ መስኮት ክፈቺ። ሰሙ መጨስ ከጀመረ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ከ90 ዲግሪ አታሳልፊው፤ ቴርሞሜትር ግዢ። እሳት ቢይዘው ደግሞ ውሃ እንዳታፈሺበት፣ በክዳን ክደኚው።

ወደ ፎቶው። በፍላሽ እያነሳሽ ነው፤ አቁሚ። ፍላሽ ሰምን እንደ ላስቲክ ያስመስለዋል። የሰም ሥዕል ውበቱ ሽፋኑ ነው፤ ከታች ያለው ቀለም ከላይኛው ሥር እንደ ጭጋግ ይታያል። የጦሳን ተራራ በጉም የሣልሽበትን አይቼዋለሁ። ጉሙ እኮ ቀለም አይደለም፣ ቀለም ያልገባበት ሰም ነው! ይህን ፎቶው ላይ ማንም አያየውም። ጠዋት መስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገሽ አንሺው፤ ጉብታውና ስርጉዱ ይወጣል። በቪዲዮ ደግሞ ሥዕሉን በእጅሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ አዘንብዪው። አጠገቡ የቡና ስኒ አድርጊ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሰው «30 በ40» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ አይመጣለትም፤ ስኒ ግን ያውቃል።

ዋጋውን እንየው። ከ1,500 ላይ 1,100 ስትቀንሺ፣ 250 ስትቀንሺ፣ የቀረሽ 150 ብር ነው። ለሦስት ቀን። በቀን 50 ብር! ይህን አስልተሽው ታውቂያለሽ? ማኪያቶ ጠጥተሽበት ለታክሲ አይተርፍሽም። አንድ ደህና አናጺ ደሴ ላይ ለቀኑ ስንት እንደሚጠይቅ ሂጂና ጠይቂ፤ ከዚያ በታች አትውረጂ። ለምሳሌ ለቀንሽ 700 ብር ብታስቢ የሦስት ቀኑ 2,100 ነው። ዕቃው 1,100፣ ሳጥንና ማሸጊያ 200፣ በድምሩ 3,400 ብር። መላኪያው ከዚህ ውጭ፣ በገዢው። «በ1,500 ያልገዙኝ በ3,400 ይገዙኛል?» ትዪኛለሽ። የሚሰጋው ሰው የራቀው በዋጋው አልነበረም፤ እንዲያውም ርካሽ ሲሆን ይብሱን ይጠረጥራል። አቅም ለሌለው ደግሞ ከቁራጭ እንጨት 15 በ15 የሆኑ ትንንሾች ሥሪለት። በግማሽ ቀን ሁለት ይወጣሉ። ለስጦታም ይሆናሉ።

ዋጋሽን ደግሞ በግልጽ ጻፊ። «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚል ነገር አልወድም፤ ማንም አይወድም። ኢንቦክስ የሚገባው ሰው ወይ ከልቡ ገዢ ነው ወይ ሥራ ፈት ነው፤ መሐል ላይ ያለውን፣ ሊገዛ የሚችለውን፣ ታባሪዋለሽ።

አሁን መንገዱ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን አውቶቡስ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሰም ሆነሽ አስቢው። ኬሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ይሞቅሻል፣ ትለሰልሻለሽ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ይመታሻል፣ ትደርቂያለሽ፣ አንድ ሰው ቢጥልሽ ጥግሽ ይሸረፋል። አንቺ ደግሞ በዚህ ላይ የአረፋውን ላስቲክ ሥዕሉ ፊት ላይ አስረሽበታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ነው የታተመው፣ አልጠራጠርም።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፤ እሱ ሰም አይዝም። ከዚያ ከሥዕሉ ትንሽ ሰፋ ያለ ጠንካራ ካርቶን ከፊትና ከኋላ። ጥግ ጥጉ ላይ እስፖንጅ አድርጊ፣ ካርቶኑ የሥዕሉን ፊት እንዳይጫነው። የአረፋው ላስቲክ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይምጣ፤ ሥዕሉን አይንካ። ከዚያ ሳጥን። ሳጥኑ ላይ «ሙቀት አይወድም፣ ፖርቶመጋላ ላይ አይጫን» ብለሽ በትልቁ ጻፊ፤ ለረዳቱም በአፍሽ ንገሪው፣ ስልክ ቁጥሩንም ያዢ። እኔ አንድ ጊዜ የደንበኛ ፍሬም በአውቶቡስ ልኬ ጣሪያ ላይ ጭነውት መስታወቱ ዱቄት ሆኖ ደረሰ። ያልተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

ውስጡ አንዲት ትንሽ ካርድ ጨምሪ። የት እንደሚሰቀል፣ የት እንደማይሰቀል ይጻፍበት። ደግሞ ይህ፦ «በብርድ ወራት ላዩ ላይ ነጭ ጉም ቢጤ ቢታይ አይደንግጡ፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢወለውሉት ይጠፋል።» ቸኮሌት ሲቆይ ከሚያወጣው ነጭ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ደሴ ብርድ ነው፤ አዲስ አበባም ሐምሌ ላይ ያው ነው። ካልነገርሽው ሻገተ ብሎ ይደውልልሻል።

ገንዘብ በቴሌብርም ይሁን በባንክ ከመላክሽ በፊት ይግባ። በትእዛዝ የምትሠሪው ከሆነ ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። የራስሽን ሒሳብ ሳታዪ ሳጥን እንዳታስሪ።

ስለ ውጭው ሱቅ። በአክስትሽ ልጅ ስም የሚለውን አልወደድኩትም። የማውቃት አንዲት ሸማኔ ልጅ በዘመድ ስም ከፍታ ጥሩ ሸጣ ነበር። የመታወቂያ ማረጋገጫ ሲጠየቅ አካውንቱ የተከፈተበት አገርና ዕቃው የሚነሳበት አገር አልገጠመም፤ ተዘጋ፣ ገንዘቡም ተያዘ። ከዘመዷ ጋር የነበረው ኩርፊያ እስካሁን አልበረደም። ከመመዝገብሽ በፊት ድረ ገጹ ለሻጭ የሚከፍልባቸውን አገሮች ዝርዝር አንብቢ። የእኛ ከሌለበት ተዪው። የአክስትሽን ልጅ ነጋዴ ከምታደርጊው ደንበኛ አድርጊው። ዲሲ ውስጥ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የጦሳ ጉም ቢሰቀል የሚያየው የወሎ ልጅ ስንት ነው? አንድ ትንሽ ሥዕል በስጦታ ላኪለት፣ የመጣ እንግዳ ይጠይቀዋል። ለአገር ቤት ቤተሰቦቻቸው ስጦታ የሚያዙልሽም ከእነዚህ መሐል ይወጣሉ፤ ብሩን እዚሁ ባንክ ያስገቡልሻል፣ አንቺም የምትልኪው ኮምቦልቻ ይሆናል።

ወደ ውጭ የሚሄደው በሰው እጅ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሁን። እዚህ ላይ ነው «ጥንታዊ» ያልሽው የሚመጣው። የጥንት መልክ ያለው ሥዕል ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን አምጡ ሊባል ይችላል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ቻናልሽን ቢያሳይ ምን ተጽፏል? «ጥንታዊ የአባቶቻችን።» ታዲያ ያንቺው ጽሑፍ መሰከረበት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ስምሽን፣ የሠራሽበትን ዓመትና «ደሴ» የሚለውን ጻፊ፤ ደረሰኝም ስጪው።

ስምሽ ለሌላም ይጠቅምሻል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉን ሸጥሽ ማለት ሥዕሉን እያባዙ የማተም መብትሽን ሸጥሽ ማለት አይደለም። ያ መብት በሕይወትሽ ሙሉና ካንቺም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ካፌ ከፍቶ ሥዕልሽን ሜኑው ላይ ሊያትም የሚፈልግ ሰው ለብቻው ይክፈል።

የቀረው ያ የአዲስ አበባው ሰው ነው። ዝም አለ ብለሽ አንቺም ዝም አልሽ፣ አይደል? የአረፋው ማኅተም እኮ የሚጠፋ ነገር ነው! የዘይት ቀለም ቢሆን አልቅሰሽ ትቀሪ ነበር። ሰም ግን ላዩን በፀጉር ማድረቂያ ፎን ብታሞቂው ሳስቶ ይተኛል፤ ክቡ ክቡ ሁሉ ይጠፋል። ዛሬ ማታ ጻፊለት። «ሥዕሉን ይመልሱልኝ፣ አስተካክዬ ልላክ፣ የደርሶ መልሱ መላኪያ በኔ ነው» በዪው። ስታስተካክዪው ቅረጪው፤ ማኅተሙ ከነበረበት ጀምሮ እስኪጠፋ። ሰውየው ከፈቀደ ቻናሉ ላይ ልቀቂው። እና የሚመለስበትን ሳጥን ከነማሸጊያው አንቺው ቀድመሽ ላኪለት፤ እሱ በእጁ ባገኘው ላስቲክ ጠቅልሎ እንዳይመልስልሽ።